ፓወር ሰፕላዩ ተለወጠ፤ ግራፊክስ ካርዱ ግን ለምን እምቢ አለ?

በኮምፒዩተር ጥገና ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙ ችግሮች መካከል ባለሙያውንም ባለንብረቱንም እኩል ግራ የሚያጋባ አንድ ችግር አለ። የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል፤ በሌላ ይተካል፤ ማሽኑም ይነሣል። ነገር ግን እስከ ትናንት በሚገባ ይሠራ የነበረው ግራፊክስ ካርድ ዛሬ ምስል አይሰጥም። ወይም ምስል ይሰጥና ከበድ ያለ ሥራ ሲጀመር ማሽኑ በድንገት ይጠፋል። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «ካርዱም አብሮ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ይህ ፍርድ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳይመረመር ከተሰጠ ግን ጤነኛ ካርድ ያስጥላል፤ ይባስ ብሎም በተሳሳተ ገመድ ላይ ሁለተኛ ካርድ ተሰክቶ እንዲቃጠል ያደርጋል።

ጉዳዩ እንደ ኮላ ድባ ባሉ ከተሞች ሲታይ የበለጠ ይከብዳል። በደምቢያ የምትገኘው ኮላ ድባ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተዘረጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ከተማ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ፎቶ ቤት ወይም የመመረቂያ ሥራውን በኮምፒዩተር የሚሠራ ተማሪ ካርዱ ቢበላሽበት ምትኩን ከደጃፉ አያገኝም፤ ጎንደር፣ ከዚያም ካልተገኘ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ማስፈለግ ይኖርበታል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ከጠቅላላው የማሽን ዋጋ ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙት ዕቃዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ካርዱ ሞቷል ከመባሉ በፊት ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ ካርዱ ዘንድ እስኪደርስ ያለውን መንገድ መከተል ተገቢ ይሆናል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የምጣዱና የካርዱ ዝምድና

ከኮምፒዩተሩ በፊት የኤሌክትሪክ ምጣድን እናስብ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል ከረንቱ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤቱ ድረስ ያለው መስመር 1 ኦም ሬዚስታንስ አለው እንበል። በኦም ሕግ መሠረት 16 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው 204 ቮልት ነው። አምፖሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ምጣዱ እስኪግል ትንሽ ይዘገያል፤ እንጀራው ግን ይጋገራል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሣጥን ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የዛሬ ግራፊክስ ካርድ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞላ ጎደል በሙሉ ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። 192 ዋት የሚፈልግ መካከለኛ ካርድ ብንወስድ፣ 192 በ12 ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ይህም ልክ የምጣዱን ያህል ከረንት ነው! ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በምጣዱ መስመር ላይ ምንም ያላስቸገረው 1 ኦም በካርዱ መስመር ላይ ቢኖር ኖሮ ከ12 ቮልቱ ምንም አይተርፍም ነበር። ከዚያ ሃያ ጊዜ ያነሰ፣ ማለትም 0.05 ኦም እንኳ ቢኖር 0.8 ቮልት በመንገድ ይጠፋና ካርዱ ዘንድ 11.2 ቮልት ይደርሳል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣውና ዛሬም በተሻሻለ መልኩ በሚሠራበት የኤቲኤክስ ደንብ መሠረት የ12 ቮልቱ መስመር ከ5 በመቶ በላይ መዛነፍ የለበትም፤ ይህም ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማለት ነው።

እንግዲህ ፓወር ሰፕላይ ሲለወጥ የሚለወጠው ሣጥኑ ብቻ አይደለም። ሽቦዎቹ፣ ማገናኛዎቹ፣ በማገናኛዎቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፒኖች፣ ኃይሉ በመስመሮቹ መካከል የሚከፋፈልበት ልክ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። በ12 ቮልት ዓለም ውስጥ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር የኦም ክፍልፋይ ዋጋ አለው። ካርዱ ራሱ ሳይነካ እምቢ የሚልበት ዋና ምክንያት ከዚህ ይመነጫል።

ከግድግዳው እንጀምር

በአገራችን ብዙ ኮምፒዩተሮች በዘመድ ወይም በዕርዳታ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። በዚያ አገር የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው። ርካሽና ቀደም ያሉ ፓወር ሰፕላዮች በጀርባቸው ላይ 115 እና 230 የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለቻቸው። ማብሪያዋ 115 ላይ እንዳለች ማሽኑ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ፣ ቮልቴጅ የሚያጥፈው የውስጥ ሰርኪዩት 311 መሆን የሚገባውን ቀጥተኛ ቮልቴጅ ወደ 620 ያወጣዋል፤ ካፓሲተሮቹም በፍንዳታ ድምፅ ይሰናበታሉ። «አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ገና ሲሰካ ጧ አለ» የሚባለው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የዚህች ማብሪያ ታሪክ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው የሚቀበሉት አዳዲሶቹ ዓይነቶች ይህች ማብሪያ የለቻቸውም፤ ሲገዛ እነሱን መምረጥ ይበጃል።

በምሽት የሚከሠተው የቮልቴጅ መውረድስ? ማብሪያ ያለው ፓወር ሰፕላይ በ230 ላይ ሆኖ እስከ 180 ቮልት ድረስ እንዲሠራ ታስቦ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ ከወረደ ሊጠፋ ይችላል። ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት ግን ቮልቴጅ ሲወርድ ከመስመሩ ብዙ ከረንት እየሳበ 12 ቮልቱን ይጠብቃል። በዚህ ረገድ አንድ ቀላል መለያ አለ፤ ማሽኑ የሚጠፋው ምጣዶች በሚሰኩበት ሰዓት ብቻ ከሆነና በሌሊት ወይም በማለዳ ያንኑ ሥራ ያለ ችግር የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ከሣጥኑ ውጭ ነው። ሰዓት የማይለይ ከሆነ ደግሞ መብራት ኃይልን መውቀሱን ትተን ወደ ውስጥ መመልከት ይኖርብናል።

በጀርባው የተጻፈው ዋት

ሁለተኛው ጣቢያ የፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው። በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ ይጻፋል፤ ገዢውም ያችን ቁጥር ብቻ አይቶ ይከፍላል። መታየት ያለበት ግን በሠንጠረዡ ውስጥ በ12 ቮልት ሥር የተጻፈው አምፔር ነው። እዚያ 18 አምፔር የሚል ከሆነ ለፕሮሰሰሩ፣ ለካርዱ፣ ለዲስኩና ለማራገቢያዎቹ በድምሩ ያለው 12 ሲባዛ በ18፣ ማለትም 216 ዋት ብቻ ነው። ቀሪው ዋት ለ5 እና ለ3.3 ቮልት መስመሮች የተመደበ ነው። ይህ አመዳደብ ፕሮሰሰሮች ከ5 ቮልት ይመገቡ በነበረበት ዘመን ስሜት ነበረው፤ ዛሬ ግን ለካርዱ አንዳች አይፈይድም። የተቃጠለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ 400 ዋት ሆኖ በ12 ቮልት 30 አምፔር ይሰጥ ከነበረ፣ በ«500» መተካቱ ዕድገት መስሎ ታይቶ ውድቀት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በተጨማሪም ካርዶች በሰከንድ እጅግ ጥቂት ክፍልፋይ ውስጥ ከተጻፈላቸው ኃይል በላይ ስበው ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤቲኤክስ 3.0 ደንብ አንድ ፓወር ሰፕላይ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል የተጻፈበትን ኃይል እጥፍ እንዲችል የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጌም ወይም የቪዲዮ ማቀናበር ሲጀመር ብቻ የሚጠፋ ማሽን በመጀመሪያ በዚህ መጠርጠር አለበት።

ማገናኛዎቹ

ግራፊክስ ካርድ በማዘርቦርዱ ላይ ከሚሰካበት ቀዳዳ እስከ 75 ዋት ድረስ ያገኛል። ከዚያ በላይ ከፈለገ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ገመድ ያስፈልገዋል። ባለ 6 ፒኑ ማገናኛ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት እንዲሰጥ ተደንግጓል። ይህ ገመድ ሲረሳ ካርዱ እንደ ዓይነቱ ይናገራል። አንዳንዱ ማራገቢያውን በሙሉ ኃይል እያጮኸ ስክሪኑን ጨለማ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ገመዱ እንዲሰካ የሚጠይቅ ጽሑፍ ያሳያል፤ አንዳንዱም ዝም ይላል።

አደጋው ያለው ገመዱ በመረሳቱ ሳይሆን ሌላ ገመድ በቦታው በመግባቱ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ለፕሮሰሰሩ የሚመጣውም ማገናኛ ባለ 8 ፒን ነው፤ ሲያዩት የካርዱን ይመስላል። ነገር ግን አሰላለፉ ተቃራኒ ነው። በፕሮሰሰሩ ማገናኛ ላይ 12 ቮልት የሚሸከሙት ቢጫ ሽቦዎች የሚገኙት መቆለፊያ ምላሱ ባለበት ጎን ነው፤ በካርዱ ማገናኛ ላይ ግን በምላሱ በኩል ያሉት ጥቁሮቹ ናቸው። የፕላስቲኩ ቀዳዳዎች ቅርፅ እንዳይሳሳቱ ተብሎ የተለያየ ነው፤ በጉልበት ለሚገፋ ሰው ግን ፕላስቲክ እጅ ይሰጣል። ሌላው መለያ አከፋፈላቸው ነው፤ የፕሮሰሰሩ አራትና አራት ሆኖ ይከፈላል፤ የካርዱ ስድስትና ሁለት። በአዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ሽቦው ሁሉ ጥቁር ስለሆነ በቀለም መተማመን አይቻልም፤ በማገናኛው ላይ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል።

አሁን ደግሞ በጣም ብዙ ጉዳት ወደሚያደርሰውና እምብዛም ወደማይታወቀው ነገር እንምጣ። ብዙ ፓወር ሰፕላዮች ዛሬ ገመዳቸው ከሣጥኑ የሚነቀል ነው። አሮጌው ሲቃጠል ባለሙያው ድካም ለመቀነስ ሣጥኑን ብቻ አውጥቶ፣ ገመዶቹን በማሽኑ ውስጥ እንደታሰሩ ትቶ፣ በአዲሱ ሣጥን ላይ ይሰካቸዋል። ገመዶቹ ይገባሉ፤ ቀጭ ብለውም ይቆለፋሉ። ነገር ግን በደንብ የተወሰነው በካርዱና በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ ብቻ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለውን የፒን አሰላለፍ እያንዳንዱ አምራች እንደ ፈቀደ ይወስነዋል፤ በአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች መካከል እንኳ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በአሮጌው ሣጥን 12 ቮልት የነበረበት ፒን በአዲሱ መሬት (ግራውንድ) ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነና ዕድል ከቀና የአዲሱ ፓወር ሰፕላይ የሾርት መከላከያ ይነቃል፤ ማራገቢያው አንድ ጊዜ ንቅንቅ ብሎ ይቆማል። ዕድል ካልቀና ግን ለዲስኩ 5 ቮልት በሚሄድበት ሽቦ ላይ 12 ቮልት ይገባል። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው ካርድ ብቻ አይሆንም፤ የአንድ ዓመት የደንበኞች ቪዲዮ ወይም ያልታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ካርድ በገንዘብ ይተካል፤ ይህኛው ግን አይተካም። ስለዚህ አዲስ ሣጥን ሲገባ ከራሱ ካርቶን የወጡት ገመዶች ብቻ ይሰካሉ፤ አሮጌዎቹ እስከ መጨረሻው ይወጣሉ። ፓወር ሰፕላዩ ያለ ገመዱ የተገዛ ከሆነ ምንም ነገር ሳይገናኝ ገመዶቹን ብቻ ሰክቶ እያንዳንዱን ፒን በቴስተር መለካት ግድ ነው።

በገበያ ላይ የሚሸጡ መቀያየሪያ ገመዶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ለካርድ የሚሆን ገመድ ከሌለው የዲስክ ገመድ ወደ ካርድ የሚቀይር ነገር ይገዛል። የሳታ ማገናኛ ግን በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው፤ ካርዱ ደግሞ በባለ 6 ፒኑ በኩል 75 ሊጠይቀው ይችላል። ከ6 ወደ 8 ፒን የሚቀይረው ደግሞ ይበልጥ አሳሳች ነው። ከባለ 6 ፒኑ ይልቅ በባለ 8 ፒኑ ላይ ያሉት ሁለት ተጨማሪ ፒኖች 12 ቮልት አይሸከሙም፤ ከመሬት ጋር ተያይዘው ለካርዱ «150 ዋት መውሰድ ትችላለህ» የሚል ምልክት የሚሰጡ ናቸው። መቀያየሪያው አንድም የ12 ቮልት ሽቦ ሳይጨምር ይህን ምልክት ይሰጣል፤ በአጭሩ ለካርዱ ይዋሻል።

ውሸቱ የሚከፈልበት ዋጋ በሙቀት ነው። 150 ዋት በ12 ቮልት 12.5 አምፔር ነው፤ በሦስት ፒኖች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4.2 አምፔር ያህል ይደርሳል። የፒኑ ንክኪ ሬዚስታንስ 0.01 ኦም ቢሆን፣ የከረንቱ ካሬ በሬዚስታንሱ ሲባዛ 0.17 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ ይህም ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም። ሁለቱ ፒኖች ላልተው ሁሉም ከረንት በአንዱ ቢያልፍ ግን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ ወደ 1.6 ዋት ያድጋል። ያ ፒን በሙቀት ተበላሽቶ ሬዚስታንሱ 0.05 ኦም ሲደርስ 7.8 ዋት በክብሪት ራስ በምታክል ቦታ ላይ ይከማቻል። ትንሽ የብየዳ ብረት ከ15 እስከ 25 ዋት መሆኑን ስናስታውስ ፕላስቲኩ ለምን ቡናማ ሆኖ እንደሚቀልጥ ይገባናል። አንድ ገመድ ጫፉ ላይ ሁለት ባለ 8 ፒን ማገናኛ ሲኖረው ሁለቱንም በአንድ ካርድ ላይ መሰካት የማይመከረውም በዚሁ ስሌት ነው፤ ከተቻለ ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ይምጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ጋር በሰፊው ገበያ ላይ የዋለው እስከ 600 ዋት የሚያስተላልፈው ባለ 16 ፒን ማገናኛም በዚያው ዓመት በአንዳንድ ተጠቃሚዎች እጅ ቀልጧል፤ አምራቹ ማገናኛው እስከ መጨረሻ አለመገባቱን በምክንያትነት ጠቅሷል። ሀብታም አገር ያለ ውድ ማሽንም ከኦም ሕግ አያመልጥም።

እዚህ ላይ ስለ አየራችን አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ጎንደርም ሆነ የደምቢያ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ ስድስተኛ እስከ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ማራገቢያ በዚሁ ልክ አነስተኛ ሙቀት ይጠርጋል። አቧራ የሸፈነው ፓወር ሰፕላይ በእኛ አካባቢ ቶሎ የሚግለው በአቧራው ብቻ አይደለም።

ምርመራው

እንግዲህ ማሽኑ በፊታችን ተቀምጧል እንበል። በመጀመሪያ የግድግዳው ገመድ ይነቀላል፤ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል፤ በማዘርቦርዱ ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ግን ተነቅሎም ቢሆን መከፈት የለበትም፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህም ሰው ይገድላል።

ቀጥሎ የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ ይታይ። ማሽኑ ሲገጣጠም ገመዱ በካርዱ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ቪጂኤ ላይ ተሰክቶ «ካርዱ ሞተ» የተባለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ካርዱ ሣጥኑ ሲወጣ ተነቃንቆ ሊሆን ስለሚችል ተነቅሎ፣ ፒኖቹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርገው፣ ቀጭ እስኪል ድረስ ይመለስ። ከዚያም ካርዱ ወጥቶ ማሽኑ በማዘርቦርዱ ቪጂኤ ይነሣ፤ በዚህ ሁኔታ በሰላም ከሠራ ፓወር ሰፕላዩ ቢያንስ ቀላል ሸክም ይችላል ማለት ነው። የጥገና ባለሙያዎች በባለ 24 ፒኑ ማገናኛ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር በማገናኘት ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ያስነሣሉ። ይህ ሙከራ ሕይወት እንዳለው ብቻ ይናገራል፤ ሸክም ሳይኖርበት 12.1 ቮልት ያሳየው ሣጥን ከካርዱ ጋር ሲጋፈጥ 11 ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ ዋናው ልኬት ካርዱ ሥራ ላይ እያለ የሚደረገው ነው። ካርዱ ተመልሶ፣ ከባድ ቪዲዮ ወይም ጌም ተከፍቶ፣ የቴስተሩ ጫፎች ከማገናኛው በስተጀርባ ቢጫውንና ጥቁሩን ሽቦ እንዲነኩ ይደረጋል፤ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ንባቡ ከ11.4 በላይ ሆኖ ከጸና ፓወር ሰፕላዩ ነጻ ነው። ከወረደ፣ ያው ልኬት በሌላ የ12 ቮልት ማገናኛ ላይ ይደገም፤ እዚያ 12 ሆኖ በካርዱ ገመድ ላይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የማገናኛው ነው፤ በሁለቱም ከወረደ የሣጥኑ ነው።

ከቢሮ የወጡ «ብራንድ» ማሽኖች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርዱን የሚመግበው በተለመደው ባለ 24 ፒን ሳይሆን በራሱ ባለ 8 ፒን ማገናኛ ነው። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መቀያየሪያ ሳይኖር አይሰካም፤ በቅርፅ የገባ ሁሉ ትክክል ነው ብሎ መሞከርም አይገባም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካርዱ አሁንም እምቢ ካለ በሌላ ጤነኛ ማሽን ላይ ይሞከራል። ከዚያ በፊት ግን በተሳሳተ ገመድ ተሰክቶ የነበረ ካርድ የጓደኛን ማሽን እንዳይጎዳ አንድ ልኬት ይቀድማል። ካርዱ ከማሽኑ ወጥቶ፣ ቴስተሩ በኦም ላይ ሆኖ፣ በካርዱ የኃይል ማገናኛ ላይ ባለው የ12 ቮልት ፒንና በመሬቱ ፒን መካከል ይለካል። ንባቡ ከ1 ኦም በታች ሆኖ ከቀረ በካርዱ ላይ የተቃጠለ ክፍል ሾርት አድርጓል ማለት ነው፤ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይሄዳል እንጂ የትም አይሰካም። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከታየ ደግሞ የመትረፉ ተስፋ ሰፊ ነው፤ ይሰካ።